አዲስ አበባ ላይ የት እንቁም?

እንደምን አመሻችሁ። ሥራ ውላችሁ፣ ታክሲ ተሰልፋችሁ እዚህ ስለተገኛችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

አዘጋጆቹ የጋበዙኝ ስለ ከተማው፣ ስለ ወሬው፣ ስለ ሙዚቃውና ስለ ኳሱ የመሰለኝን እንድናገር ነው። ሰፊ ነው። እኔ ግን እነዚህን ሁሉ ይዤ ስዞር የምመለሰው ወደ አንድ ጥያቄ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ሰው ምንም ሳይከፍል፣ ወይም ትንሽ ከፍሎ፣ ከማያውቀው ሰው አጠገብ የሚቆምበት ቦታ የት ነው? የምናዜመው ዘፈን፣ የምናምነው ወሬ፣ የምንከራከርበት ኳስ ሲሠራ የኖረው እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ነው። ቦታው ሲጠፋ ዘፈኑም ወሬውም መልኩን ይለውጣል። ዛሬ ልናገር የመጣሁት ይህንን ነው።

ከቅርቡ ልነሳ። የካቲት 2016 ላይ የዓድዋ ድል መታሰቢያ ፒያሳ ላይ ተመረቀ። ብዙም ሳይቆይ የኮሪደር ልማቱ ገባ፤ የፒያሳ ሰፈሮቹ ዶሮ ማነቂያና እሪ በከንቱ ፈረሱ፣ በ2017 ደግሞ ካዛንቺስ ተከተለ። ከዚያ ወዲህ በየቤቱ፣ በየቢሮው፣ በየለቅሶው ድንኳን ሳይቀር ክርክሩ አልቆመም። የሚያደንቀው ሁሉንም ያደንቃል፣ የሚያዝነው በሁሉም ያዝናል። እኔ ሁለቱንም ስሰማ ሁለቱም የሚናገሩት ያዩትን ነው እላለሁ።

የእግረኛ መንገዱን ውሰዱ። አዲስ አበባ የእግረኛ ከተማ ናት። አብዛኛው ነዋሪ መኪና የለውም፤ ኑሮውን የሚገፋው በአውቶቡስ፣ በታክሲና በእግሩ ነው። ለዚህ ሁሉ ሕዝብ የኖረው መንገድ ግን ክዳኑ የጠፋ ቱቦ፣ የተቆለለ አሸዋ፣ መሄጃው ላይ የቆመ መኪና የሞላበት ነበር። ነጭ በትር ይዞ የሚሄድን ዓይነ ስውር አንድ ቀን ተከትሎ ያየ ሰው ምን ማለቴ እንደሆነ ይገባዋል። ዛሬ ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ የሚወስደው መንገድ ሰፊ ነው፤ መብራት አለው፤ ለብስክሌት የተለየ መስመር አለው። ማታ ሁለት ሰዓት አልፎ እናቶች ልጆቻቸውን ይዘው ሲንሸራሸሩ፣ ተማሪ ሴቶች ብቻቸውን ሲያልፉ ይታያል። "መንገድ ለሰው" በ2011 ሲጀመር መንገዱን ለእግረኛ የምንለቀው በወር አንድ እሑድ ነበር፤ አሁን ቢያንስ ዳር ዳሩ በየቀኑ የእግረኛ ሆኗል። ይህ ደስ ይለኛል፤ ደስታዬንም አልደብቅም።

ከፈረሱት ሰፈሮች የተነሳው ሰውስ? ገላን ጉራ ወይም ራቅ ያለ ኮንዶሚኒየም የገባ ሰው ቤቱ ከድሮው የተሻለ ሊሆን ይችላል፤ ሽንት ቤቱ የጋራ አይደለም፣ ጣሪያው አያፈስም። የዱቤ መዝገቡ ግን የቀረው የድሮ ሰፈር ሱቅ ውስጥ ነው። እድሩ ተበትኗል። እንጀራ ጋግራ የምትሸጥ ሴት ደንበኞቿ ማን የት እንደገባ አታውቅም። ልጅ ጠብቂልኝ የምትባል ጎረቤት በአንድ ክረምት አትገኝም፤ ያንን መተማመን ለመሥራት ሃያ ዓመት ፈጅቷል። ካሳ ሲሰላ ይህ የሚገባበት ሠንጠረዥ ያለ አይመስለኝም፤ እንዲኖር መጠየቅ አለብን።

ስለ መንገዱና ስለ ተነሺው ብዙ ተወርቷል። ብዙ ያልተወራበት የመቆሚያው ጉዳይ ነው።

አራት ኪሎ ጋዜጣ ይከራይ ነበር። ወጣት የሆናችሁ ላታውቁት ትችላላችሁ። በ1985 የፕሬስ ሕጉ ከወጣ በኋላ የግል ጋዜጣና መጽሔት እንደ አሸን ፈላ። ሁሉንም ገዝቶ የሚዘልቅ ኪስ የነበረው ጥቂት ሰው ነው። ስለዚህ አዟሪው ጋዜጦቹን መንገድ ዳር ዘርግቶ በሳንቲም ያከራያል። አንባቢው ድንጋይ ላይ ይቀመጣል፣ የሱቅ ደረጃ ላይ ይቀመጣል፣ ቦታ ካጣ አጥር ተደግፎ ያነባል። ሲጨርስ አጣጥፎ ይመልስና ሌላ ይወስዳል። አዟሪው ማን ምን እንደያዘ በዓይኑ ይጠብቃል፤ ገጽ የሚያጣጥፍ ሰው ሲያይ ይቆጣል፣ ምክንያቱም ያው ጋዜጣ ገና ለብዙ ሰው ይከራያል።

እዚያ የሚቀመጠው ሰው ዓይነቱ ብዙ ነው። የመንግሥት ደጋፊ አለ፣ ተቃዋሚ አለ፣ ከእነሱ ወዲያ ክፍት የሥራ ቦታ ማስታወቂያ ብቻ እየገለበጠ በእስክሪብቶ እጁ ላይ ስልክ ቁጥር የሚጽፍ ተመራቂ አለ፣ የስፖርት ዓምድ ብቻ የሚያነብ ጎረምሳ አለ። አንዱ ያነበበው ካስገረመው ጮክ ብሎ ያነበዋል። ሌላው ይመልሳል። የተጋነነ ነገር የጻፈ ጋዜጣ ብዙውን ጊዜ እዚያው ይያዛል፤ "እኔ እኮ የዚያ ሰፈር ልጅ ነኝ፣ ነገሩ እንዲህ አይደለም" የሚል ሰው ከሦስት ድንጋይ ወዲያ አይጠፋም። የሚናገረውን ሰው ፊቱን ታየዋለህ፣ ጫማውን ታየዋለህ፣ ነገ ተነገ ወዲያም እዚያው ታገኘዋለህ። ስለዚህ እሱም አፉን ይቆጥባል። ከ1997 ምርጫ በኋላ ብዙዎቹ ጋዜጦች ተዘጉ፣ የወረቀትና የማተሚያ ዋጋም የቀሩትን አደከመ። ጋዜጦቹ ሲያልቁ ድንጋዩ ላይ የሚቀመጠውም ሰው አብሮ ተበተነ።

ከጋዜጣው ጎን ሬዲዮ ነበር። ኤፍኤም አዲስ 97.1፣ በኋላም ሸገር 102.1 ሲመጡ የታክሲ ውስጥ ሕይወት ተለወጠ። ሾፌሩ የከፈተውን ሁላችንም እንሰማለን፤ የኋላ ወንበር ላይ ያለው በዜናው ይናደዳል፣ ገቢና የተቀመጠው ይስቅበታል፣ ረዳቱም ሂሳብ እየሰበሰበ አስተያየቱን ይጨምራል። ወራጅ የሚለው ሰው ክርክሩን ሳይጨርስ መውረዱ ያናድደዋል። አሁን ታክሲ ውስጥ ስገባ አሥራ ሁለት ሰው፣ አሥራ ሁለት ስልክ አያለሁ። እያንዳንዱ ጆሮው ላይ ሰክቶ የየራሱን ዜና ይሰማል፤ አንዱ የሰማውን ሌላው አልሰማም፣ የሰማውም ተቃራኒውን ነው። ትከሻችን ተነካክቶ እየሄድን ስለ አንድ አገር የማይገናኝ ነገር ይነገረናል።

ቲክቶክን ለመውቀስ አልመጣሁም። አንዳንድ የዕድሜ እኩዮቼ ስሙ ሲነሳ ፊታቸውን ያጠቁራሉ፤ እኔ አልስማማም። ጅዳ ወይም ቤይሩት ሰው ቤት የምትሠራ ልጅ የቤቱን ሥራ ጨርሳ ሌሊት ላይቭ ስትገባ፣ ስለ ደመወዟ፣ ስለ አሠሪዋ፣ ስለ እናቷ ስታወራ፣ ይህንን ድምፅ የትኛው ጋዜጣ፣ የትኛው ጣቢያ ሰጥቷት ያውቃል? ለታመመ ሰው በአንድ ሌሊት ገንዘብ ሲዋጣ አይተናል። ዘመድ የሌለው፣ መድረክ ላይ የሚያወጣው ሰው የሌለው ልጅ ከገጠር ቀበሌ ሆኖ ሲዘፍን አገር ይሰማዋል። ይህ ትልቅ ነገር ነው። የሚያሳስበኝ ሌላው ጎኑ ነው። እዚያ ወሬውን የሚያመጣልህ ማሽን የምትቆጣበትን ለይቶ ያውቃል፤ የዚያ ሰፈር ልጅ "እንዲህ አይደለም" ብሎ የጻፈው አስተያየት ከሺዎቹ በታች ተቀብሮ ይቀራል። ባለፉት የጦርነት ዓመታት ይህ ምን ያህል ሰው እንዳጣላ፣ ስንት የአብሮ አደግ ወዳጅነት እንዳፈረሰ ከእናንተ መካከል የማያውቅ የለም። ድንጋዩ ላይ ተቀምጠው ይከራከሩ የነበሩት ሰዎችም ይጣሉ ነበር፤ ግን አብዛኞቹ ቡና ተጋብዘው ይለያዩ ነበር።

ወደ ሙዚቃው ልሂድ፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ የምወደው ነገር ነውና።

የአዲስ አበባ ዘፈን የተወለደው ሰው በሚሰበሰብበት ነው። ሀገር ፍቅር በ1927 ሲቋቋም፣ የክብር ዘበኛና የፖሊስ ኦርኬስትራዎች ሲጎለብቱ፣ ሙዚቀኛው ሕዝቡን ፊት ለፊት እያየ ይጫወት ነበር። በ1960ዎቹ መጀመሪያ አምሃ እሸቴ የሚባል ወጣት ነጋዴ የዘፈን ሸክላ የማሳተሙ ሥልጣን የአንድ ተቋም ብቻ በነበረበት ጊዜ ደፍሮ በራሱ ስም ማሳተም ጀመረ። ሙዚቃ ሻጭ ስለነበር ሰው ምን እንደሚጠይቅ ያውቃል፤ ድፍረቱም ከዚያ የመጣ ይመስለኛል። ከዚያ ደርግ መጣ፣ ሰዓት እላፊ ታወጀ፣ ሌሊቱ ተዘጋ። ሂልተን ውስጥ እንደ ዋልያስ ያሉ ባንዶች ሲጫወቱ የገባ ሰው ከሰዓት እላፊ በፊት ካልወጣ እስኪነጋ እዚያው ይቆያል። ያን ጊዜ ዘፈን ወደ ካሴት ገባ፤ ካሴቱ ደግሞ ወደ መንገድ ወጣ።

የካሴት ሙዚቃ ቤት በር ላይ ትልቅ ስፒከር አለ። ከውስጥ ከመሬት እስከ ጣሪያ ካሴት ተደርድሯል፣ ግድግዳው ላይ የአዲስ አልበም ፖስተር አለ፣ ባንኮኒው ጋ ቴፑን የሚቆጣጠር ልጅ አለ። ይህ ልጅ ለእኔ የዘመኑ ትልቁ የሙዚቃ ሐያሲ ነው። ጠዋት አዲስ ካሴት ይከትና የመጀመሪያውን ዘፈን ይለቃል፤ ዓይኑ መንገዱ ላይ ነው። ሰው ሳይዞር ካለፈ ያሳልፈዋል፣ ሁለተኛውን ይሞክራል፣ ሦስተኛውን ይሞክራል። አራተኛው ላይ ሊስትሮው ብሩሹን ይዞ ትከሻውን መነቅነቅ ይጀምራል፤ ዘንቢል የያዘች ሴት ዘንቢሏን አስቀምጣ ትቆማለች፤ ከዚያ አንድ ሰው ገብቶ "ይሄ ማነው?" ይላል። ልጁ ያንን ዘፈን ቀኑን ሙሉ ደጋግሞ ያጫውተዋል፣ በሳምንቱ ከተማው በሙሉ ያዜመዋል። ለእንቁጣጣሽና ለፋሲካ አልበም ሲወጣ ከመርካቶ እስከ ፒያሳ በእግሩ የሄደ ሰው አልበሙን ሳይገዛ ሰምቶ ይጨርሰዋል።

ዛሬ ዘፈን የሚመዘነው በዩቲዩብ እይታ ነው። ለሙዚቀኛው ያመጣለት ነገር አለ፤ ካሴት እየተገለበጠበት ባዶ እጁን ከሚቀር አሁን በስሙ የሚገባለት ገንዘብ አለ፣ ዋሽንግተንም ቴል አቪቭም ያለ ወገን በዕለቱ ይሰማዋል። ይህንን የሚንቅ ሰው የሙዚቀኞቻችንን ኑሮ አያውቅም። ግን ስልክ ላይ ሰው ሳይቆይ ስለሚያልፍ ዘፈኑም ቸኩሏል። መግቢያው አጠረ፣ ሳክስፎኑና ክራሩ ቀስ ብለው የሚገቡበት ጊዜ ቀረ፣ ለቲክቶክ ጭፈራ የምትሆነው ቁራጭ መጀመሪያ ተሠርታ ሌላው በዙሪያዋ የሚለጠፍበት ዘፈን በዛ። በአልበም ውስጥ ሰባተኛ ላይ የተቀመጠ፣ በመጀመሪያ ሰምተህ ያለፍከው፣ ከወር በኋላ ግን ያስለቀሰህ ዘፈን ነበር። እሱን ዓይነቱን ዘፈን የሚሠራ ልጅ ዛሬም አለ፤ ተስፋ የምሰጠውም ለእሱ ነው። የሚያስፈልገው የሚሰማው ሰው የሚቆምበት መድረክ ነው። አዲሶቹ አደባባዮች ላይ በሳምንት አንድ ምሽት ሁለት ሰዓት ለወጣት ባንዶች ቢሰጥ ምን ይጎዳል? ለበዓል ብቻ ከሚተከል ትልቅ መድረክ በየሳምንቱ የሚቆም ትንሽ መድረክ ብዙ ሙዚቀኛ ያወጣል።

ስለ ኳሱ አጭር ነገር ልበል፤ ሲነገር የሚያመኝ ስለሆነ። ጥር 1954 አዲስ አበባ ስታዲየም ላይ ኢትዮጵያ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካ ዋንጫን ወሰደች። ጥቅምት 2005 እዚያው ሜዳ ላይ ሱዳንን 2 ለ 0 አሸንፈን ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ስንመለስ የነበረውን ምሽት ታስታውሱታላችሁ፤ የማይተዋወቅ ሰው ተቃቅፎ ያለቀሰበት፣ መኪና ጣሪያ ላይ ባንዲራ ይዞ የተወጣበት ምሽት ነው። ከ2014 ወዲህ ግን ስታዲየሞቻችን የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን መስፈርት ስላላሟሉ የብሔራዊ ቡድናችን ልጆች ዋልያዎቹ "የሜዳቸውን" ጨዋታ በሰው አገር፣ ባዶ ወንበር ፊት ሲጫወቱ ከረሙ። የከተማዋ ክለቦች የጊዮርጊስና የቡና ደርቢም ለዓመታት ከአዲስ አበባ ተሰዶ በሐዋሳ፣ በአዳማ፣ በድሬዳዋ ተዘዋወረ። ቅዳሜ ከሰዓት ዲኤስቲቪ ቤት ግቡ፤ ሰሌዳው ላይ በጠመኔ የተጻፈው አርሰናልና ማንቸስተር ነው። የሃያ ዓመት ልጅ የአርሰናልን አሰላለፍ ከነተቀያሪው ይነግራችኋል፣ ከቤቱ ሁለት ፌርማታ ላይ የሚገኘውን ክለብ ግን ስታዲየም ገብቶ አይቶት አያውቅም። ልጁን አልወቅሰውም። የሚገባበት በር ተዘግቶበት ነው ያደገው። መንገድ በወራት መሥራት እንደምንችል አይተናል፤ ያ ጉልበትና ያ ጥድፊያ ለስታዲየም የማይሆንበት ምክንያት አይታየኝም።

ካፌ ቁጭ በሉ ትሉኝ ይሆናል። ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪው ገበያ እንዲወስነው ሲደረግ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ፤ የዘይቱ፣ የስኳሩ፣ የማኪያቶውም ዋጋ ተከተለው። ለደመወዝተኛ ካፌ መቀመጥ አሁን የሚታሰብበት ነገር ነው። መምህር ከባልደረባው ጋር ማኪያቶ ከመጋበዝ ቀጥታ ወደ ቤቱ ቢሄድ አይፈረድበትም። አንድነት ፓርክን የመሳሰሉ ያማሩ ቦታዎች አሉን፤ መግቢያ ይከፈልባቸዋል፣ ልጆች ያሉት ቤተሰብ አስልቶ ነው የሚሄደው።

ስለዚህ ጀበና ቡናው ይቀራል። ጀበና ቡና የምትሸጥ ሴት ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ከሰሏን ታቀጣጥላለች። አንድ ረከቦት፣ ሲኒዎች፣ ውኃ የያዘ ጀሪካን፣ አምስት ስድስት ዱካ፣ ከፀሐይና ከዝናብ የምትከልል አንድ ጃንጥላ። ዱካዎቹ ዝቅ ያሉ ስለሆኑ የተቀመጠ ሁሉ እኩል ነው፤ የባንክ ሠራተኛው ክራቫቱን ወደ ትከሻው ወርውሮ ከቀን ሠራተኛው ጋር ጉልበት ለጉልበት ይገናኛል። "አቦል ደረሰ ወይ እናቴ?" ይላል አንዱ። "ቁጭ በል፣ እየፈላ ነው" ትላለች። እስኪፈላ ድረስ ባለው ጊዜ ውስጥ ነው ወሬ የሚጀመረው፤ የቤት ኪራይ፣ የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ፣ የትናንቱ ጨዋታ፣ ቲክቶክ ላይ የታየው ነገር። አንዱ ስልኩን አውጥቶ ለሁሉም ያሳያል፤ ሌላው "ይሄ እኮ የቆየ ቪዲዮ ነው" ይለዋል። አራት ኪሎ ድንጋይ ላይ የነበረው ነገር ዛሬ ካለ እዚህ ነው ያለው።

በአዲሱ መንገድ ላይ ለዚህች ሴት ቦታ አልተተወላትም። ደንብ አስከባሪ ሲመጣ ጀበናዋን በትኩሱ ይዛ ትሮጣለች፤ ከተያዘች ዕቃዋ ይወረሳል። የብሔራዊ ቲያትርና የለገሃር መጽሐፍ አዟሪዎችም፣ ሊስትሮዎቹም ዕጣቸው ተመሳሳይ ነው። ባለሥልጣናቱ የሚሉትን ሰምቻለሁ፤ መንገድ መሄጃ ነው፣ ጽዳት ይጓደላል፣ አንዷ ከተፈቀደላት መቶ ይመጣሉ ይላሉ። ሥጋቱ ከንቱ አይደለም። መርካቶ ሰው መራመጃ ያጣው በዚሁ መንገድ ነው። መፍትሔው ግን ማባረር ብቻ ከሆነ ዘበኛ ያለው፣ የሚያምር፣ ማንም የማይቆምበት መንገድ ነው የሚተርፈን።

የምጠይቀው ቀላል ነገር ነው። አደባባዮቹና ሰፋፊዎቹ ቦታዎች ላይ የተወሰነ ቁጥር ያለው መደብ በቀለም ይከለል። በወረዳው የተመዘገበች የጀበና ቡና ሻጭ፣ የተመዘገበ መጽሐፍ አዟሪ፣ የተመዘገበ ሊስትሮ በዚያ መደብ ላይ በታወቀ ሰዓት ይሥራ፤ አነስተኛ ኪራይ ይክፈል፣ ቦታውን አጽድቶ ይሂድ። ቅድሚያው ከልማቱ ለተነሱት ይሰጥ፤ ያንን ቦታና ያንን ደንበኛ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ውኃ መቅጃ አንድ ቧንቧ ይተከል። ዛፉ ዘንባባ ብቻ አይሁን፣ ሰው ከሥሩ የሚጠለልበት ግራር፣ ወይራም ይጨመርበት። ይህ የውጭ ብድር አይጠይቅም፣ ጥናትም ብዙ አያስፈልገውም።

እኔና ጥቂት ጓደኞቼ ይህንኑ የሚጠይቅ ማመልከቻ ለክፍለ ከተማው ጽፈናል። ሁለት ገጽ ነው፤ የመጀመሪያው ጥያቄው፣ ሁለተኛው ቦታዎቹን የሚያሳይ ንድፍ። መግቢያው በር ጋ ጠረጴዛው ላይ አለ። አንብቡት፤ ያልተስማማችሁበት ካለ ጠርዙ ላይ ጻፉበት፣ የተስማማ ይፈርም። ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ይዘነው እንገባለን፤ አብሮን የሚመጣ ሰው ካለ ስሙን ለእኔ ይስጠኝ። አሁን ጥያቄያችሁን ልስማ።